ለክረምቱ ምን ዓይነት የቢስክሌት ጎማ እንግዛ?

ዛሬ ያነሣነው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሊመስል ይችላል። ስለ ቢስክሌት ጎማ ነው። ለምን እንዳነሣነው ግን ጥቂት እንደሄዳችሁ ትረዱልናላችሁ፤ ከጽሑፉ በስተጀርባ እኛው ራሳችን የሰጠነው አንድ የተሳሳተ ምክር አለና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ሐምሌ ውስጥ አንድ ጎረቤታችን ከዐስር ሶላት በኋላ መስጊድ በር ላይ አገኙንና «ለልጄ የቢስክሌት ጎማ ልገዛለት ነበር፤ ዝናቡ በረታ፤ የትኛው ይሻላል?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም ብዙም ሳናስብ «ጥርሱ ትልልቅ የሆነውን ይግዙለት፤ ዝናብ ላይ የሚነክሰው እሱ ነው» አልናቸው። እሳቸውም እምነት ጥለውብን ሄደው ገዙ። ልጁ ክረምት ክረምት ታናሽ እኅቱን ከኋላ ጭኖ ወደ ቁርአን ትምህርት ያመላልሳታል። በሳምንቱ፣ ማታውን ሲዘንብ ባደረበት ጠዋት፣ ከፒያሳ በላይ ካለው ሰፈራቸው ወደ አዲስ ዓለም ሲወርዱ የኮብልስቶኑ መታጠፊያ ላይ የፊቱ ጎማ ሸተተና ሁለቱም ወደቁ። የልጁ ጉልበት ተላጠ፤ የልጅቱ የእጅ አንጓ ተሰበረ። ጀሶ ታስሮላት ክረምቱን በዚያው አሳለፈች። አባትየው አንድም ቀን አልወቀሱንም። «የአላህ ውሳኔ ነው» ብለው ዝም አሉ። የእሳቸው ዝምታ ግን ለእኛ ከወቀሳ የከበደ ነበር፤ ያንን ጎማ ያስገዛናቸው እኛ ነንና።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን በቁም ነገር መከታተል የጀመርነው። ያገኘነውን ጽሑፍ አነበብን፤ ቢስክሌት የሚነዱትንም የሚጠግኑትንም ጠየቅን። የደረስንበትም ብዙዎቻችን ከምናምነው ጋር የሚቃረን ሆኖ አገኘነው።

በመጀመሪያ ስለ ከተማችን እንነጋገር። እንደሚታወቀው ጎንደር የባሕር ዳርን ያህል የቢስክሌት ከተማ አይደለችም። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተሠራች በመሆኗ ሠራተኛውም ተማሪውም እንደ ልቡ ይነዳል። ጎንደር ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ሽቅብና ቁልቁል የተዘረጋች ከተማ ናት። ከአዲስ ዓለም ወደ ፒያሳ ሲወጡ ቢስክሌቱን ገፍቶ መሄድ አያሳፍርም፤ ሲወርዱ ደግሞ ፔዳል መርገጥ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሣ የትራንስፖርት ዋጋ ሲጨምር፣ ለዓመታት ከግድግዳ ጋር ተደግፎ የኖረውን ቢስክሌት ያወጣ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ከማራኪ እስከ አዘዞ ያለው መንገድ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚታየው ወጣት ለዚህ ምስክር ነው።

ክረምታችን ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ የሚከብደው ሐምሌና ነሐሴ ነው። በእነዚህ ወራት አንድ ነጂ በአንድ ጉዞ ብቻ ቢያንስ ሦስት ዓይነት መንገድ ያጋጥመዋል። አስፋልት አለ፤ ኮብልስቶን አለ፤ ጭቃ አለ። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «የክረምት ጎማ» ስንል በዓይነ ልቡናችን የሚታየን ጭቃው ብቻ ነው። በከተማ ውስጥ የሚጥለን ግን በአብዛኛው ጭቃው አይደለም፤ እርጥቡ ድንጋይ ነው።

ኮብልስቶን ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ ከተሞቻችን የተስፋፋ ሥራ ነው። ለስንቱ ወጣት እንጀራ ሆኗል፤ የስንቱን ሰፈር አቧራና ጭቃ አስቀርቷል። ድንጋዩ አዲስ ተጠርቦ ሲነጠፍ ፊቱ ሻካራ ስለሆነ ጎማ ይይዛል። ዓመታት ሲያልፉ ግን የባጃጅ ጎማና የእግረኛ ጫማ እየፈተገው ይለሰልሳል፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ተወለወለ ሸክላ ያብረቀርቃል። በላዩ የባጃጅ ዘይት ጠብ ካለበት ጉዱ ሌላ ነው። በተለይ ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ካፊያ ሲወርድ፣ የተጠራቀመው አቧራና ዘይት ሳይታጠብ በውኃ ስለሚሟሽሽ፣ ከከባድ ዝናብ ይልቅ ያ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ያንሸራትታል።

ታዲያ ጥርሰ ትልቁ ጎማ እዚህ ድንጋይ ላይ ለምን ከዳን? ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው። የቢስክሌት ጎማ መሬቱን የሚነካው ከክብሪት ቀፎ ፊት በማይበልጥ ቦታ ብቻ ነው። ላስቲክ ድንጋይን የሚይዘው በጥፍር እንደሚቧጥጥ ድመት አይደለም። ለስላሳ ሆኖ በድንጋዩ ፊት ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጎርባጣዎች እየተከተለ ስለሚቀመጥ ነው። ጥርሱ ትልልቅ በሆነ ጎማ ላይ ግን ከዚያች ከክብሪት ቀፎ በማትበልጥ ቦታ አብዛኛው ባዶ ክፍተት ነው፤ ድንጋዩን የሚነካው ላስቲክ ያንሳል። ቢስክሌቱ ሲታጠፍና ሲያዘነብል ደግሞ ሸክሙ በጎን ባሉት ጥቂት ጥርሶች ላይ ያርፋል፤ እነሱም ይተጣጠፋሉ፤ ከዚያም በድንገት ይለቃሉ። የጎረቤታችን ልጅ «ምንም ሳይሰማኝ ነው የወደቅሁት» ያለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «መኪናስ? የመኪና ጎማ ጥርሱ ካለቀ በዝናብ አደጋ ነው ይባል የለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ትክክል ነው። የመኪና ጎማ ሰፊና ጠፍጣፋ በመሆኑ በፍጥነት ሲሄድ ውኃው ከሥሩ ማምለጫ ያጣና ጎማውን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ጥርሱ የተሠራው ውኃውን ለማስወጣት ነው። የቢስክሌት ጎማ ግን ጠባብና ክብ ስለሆነ እንደ ታንኳ አፍንጫ ውኃውን ግራና ቀኝ ሰንጥቆ ያልፋል። በስሌት ሲታይ በ40 ፒኤስአይ አየር የተሞላ ጎማ ውኃ ላይ ለመንሳፈፍ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር አለበት። ከጎሃ ተራራ ቁልቁል የሚለቀው ደፋር እንኳ ያን ያህል አይደርስም፤ እንዳይሞክረውም እንለምነዋለን። የዓለም ተወዳዳሪዎችን ተመልከቱ። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ እሱም ሆነ ሌሎቹ የሚነዱበት ጎማ ጥርስ የለውም ማለት ይቻላል። ዝናብ ሲጥል ጥርስ ያለው ጎማ አይቀይሩም፤ አየሩን ትንሽ ቀነስ ያደርጋሉ እንጂ።

ስለዚህ ለከተማ የሚሆን ጎማ ስንገዛ በቅድሚያ ልናየው የሚገባን ላስቲኩን ነው። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ጎማው ላይ ጫን አድርጉት። ትንሽ ሰርጎ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ላስቲኩ ደህና ነው። እንደ ፕላስቲክ ከደረቀና ጥፍሩ ከተንሸራተተ እርጥብ ድንጋይ ላይም እንደዚያው ይንሸራተታል። ቀጥላችሁም ጎማውን አጠፍ አድርጋችሁ ጎኑን እዩ። ጥቃቅን ስንጥቅ ከታየበት አዲስ ቢባልም ያረጀ ነው። በየሱቁ ደጃፍ በፀሐይ ተንጠልጥሎ ዓመት የከረመ ጎማ ማየት የተለመደ ነው፤ የደጋ ፀሐይ ደግሞ ለላስቲክ ጠላት ናት። ነጋዴው ቢቀየምም ባይቀየምም ከውስጥ፣ ከጥላ የተቀመጠውን አምጣ በሉት።

ጥንካሬና መንከስ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ደረቅ ላስቲክ ብዙ ዘመን ያገለግላል፤ ግን ያንሸራትታል። በጣም ለስላሳው ይይዛል፤ ግን ቶሎ ያልቃል። ፋብሪካዎች ይህን ለማስታረቅ ብዙ ደክመዋል። ጎማ ጥቁር የሆነው ለውበት ሳይሆን ከጥላሸት የሚሠራ ካርበን ስለሚጨመርበት ነው፤ ዕድሜውን ያረዝመዋል። የፈረንሳዩ ሚሽሊን በ1992 (እ.ኤ.አ.) ሲሊካ የተቀላቀለበት የመኪና ጎማ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ደግሞ እርጥብ መንገድ ላይ የመያዝ ነገር ተሻሽሏል፤ በጥሩ የቢስክሌት ጎማዎችም ይገባል። መሐሉ ጠንካራ፣ ጎንና ጎኑ ለስላሳ ላስቲክ ሆነው የሚሠሩም አሉ፤ ቀጥ ብለን ስንሄድ በመሐሉ፣ ስንታጠፍ በጎኑ ስለምንሄድ ሐሳቡ ብልህ ነው።

በጉዳዩ ላይ ዓይናችንን የገለጠልን ግን መጽሐፍ ሳይሆን አውቶፓርኮ አካባቢ የሚሠራ አንድ ጎሚስታ ነው። ከጎረቤታችን ጋር ሆነን ያንኑ ቢስክሌት ይዘንለት ሄድን። ገና ሲያየው ሳቀ።

«አባቶቼ፣ ይህን ጎማ ማነው የመረጠላችሁ?» አለ።

ጎረቤታችን ወደ እኛ አላዩም። እኛ ግን «እኛ ነን» አልነው።

«ይህማ የእርሻ ጎማ ነው። ደግሞ አየሩን ንኩት እስቲ! እንደ ድንጋይ ነው። ማን ሞላው?»

የልጁ አባት «ልጁ ራሱ ነው፤ ቢስክሌቱ እንዲፈጥን ብሎ» አሉ።

«ይፈጥናል እንጂ! ወደ ሐኪም ቤት ነው የሚፈጥነው» አለና መልሶ ደንገጥ ብሎ «ይቅርታ አባባ፣ መውደቃቸውን አልሰማሁም ነበር» አለ፤ ከአነጋገራችን ገብቶት ኖሯል።

ከዚህ ወጣት ከተማርነው ሁሉ ዋናው የአየሩ ነገር ነው። ጎማ በጣም ሲነፋ ይጠነክራል፤ መሬት የሚነካው ቦታ ይጠባል፤ ኮብልስቶን ላይም እየነጠረ ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ምንም አይዝም። በጎማው ጎን ላይ ዝቅተኛውና ከፍተኛው የአየር መጠን ተጽፎ ይገኛል። ለምሳሌ 26 በ1.95 የሆነ ጎማ ላይ 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለክረምት ከ35 እስከ 40 ፒኤስአይ ቢሞላ ይበቃዋል፤ የፊቱ ከኋላው ትንሽ ያነሰ ይሁን። ሰው ወይም ዕቃ ከኋላ የሚጫን ከሆነ የኋላው እስከ 50 ድረስ ከፍ ይላል፤ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን ማለፍ የለበትም። በጣም ማሳነስም መልካም አይደለም። ጎማው የድንጋይ ጠርዝ ሲመታ የውስጡ ጎማ በቸርኬው ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይቀደዳል። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካያችሁ እሾህ አትፈልጉ፤ አየር አንሶት ነው። የድሮዎቹ ባለ 28 ቢስክሌቶች የአየር አፋቸው በመለኪያ ለመለካት ስለማይመች በአውራ ጣት ጫን ብሎ መገመት ነው፤ ጣት ትንሽ የሚገባበት ይሁን። ለከባድ መኪና የተሠራው የጎሚስታ ኮምፕሬሰር የቢስክሌት ጎማ በዐይን ጥቅሻ ሊያፈነዳ እንደሚችልም አስጠንቅቆናል። በእጅ መንፊያ መሙላት ይሻላል።

ስፋትም ዋጋ አለው። ፎርኩና ፓራፋንጎው የሚፈቅድለት ከሆነ፣ ከ1.75 ይልቅ 1.95 ወይም 2.10 ለኮብልስቶን ይመረጣል፤ ሰፊ ጎማ በትንሽ አየር ሸክም ይችላልና። ሲገዙ ግን አንድ ወጥመድ አለ። 26 የሚል ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትግዙ። 26 በ1.95 ከ26 በ1 ⅜ ጋር አንድ ቸርኬ ላይ አይገጥምም፤ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ የውስጥ ስፋታቸው የመጀመሪያው 559፣ ሁለተኛው 590 ሚሊ ሜትር ነው። የባለ 28ቱም እንደዚሁ 635 እና 622 የሆነ አለ፤ የቻይናዎቹ የድሮ ፎኒክሶች ባለ 635 ናቸው። በጎማው ጎን 50-559 ዓይነት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የሚያታልል የሌለበት እሱ ነው። አሮጌውን ጎማ ይዞ መሄድ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል።

ሌላው የእሾህና የጠርሙስ ስባሪ ጉዳይ ነው። በክረምት ጎማ የሚበሳው ከበጋ ይበልጣል። ምክንያቱም ጎርፉ ስባሪውን ከየቦታው አምጥቶ መንገዱ ላይ ያከማቸዋል፤ እርጥብ ላስቲክንም ስለት በቀላሉ ይቆርጠዋል። በየአጥሩ ሥር የሚጣለው የቀጋና የአጋም እሾህ አለ። ጥሩ ጎማዎች ከጥርሱ ሥር መከላከያ ድርብ አላቸው። የጀርመኑ ሽዋልብ ማራቶን ፕላስ የተባለው ጎማ ለምሳሌ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የላስቲክ ድርብ አለው፤ ክብደቱና ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ከጫማና ከስልክ ይልቅ ይህን ቢያስመጣ እኛ አንቃወምም። ለሌላው ሰው ከአሮጌ ጎማ ጥርሱን ፍቆ ስስ አድርጎ ከውስጥ ማልበስ የቆየ ዘዴ ነው። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ካልሳሳና ታልክ ካልተነሰነሰበት ግን የውስጡን ጎማ እየፈገፈገ ራሱ ይበሳዋል። በተረፈ ማታ ማታ ጎማውን እያዞሩ የተሰካውን ስባሪ መንቀል የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ልጆች ይወዱታል።

ጥርሰ ትልቅ ጎማ ከናካቴው ከንቱ ነው እያልን አይደለም። ከአዘዞ አልፎ ወደ ደንቢያ በሚወስደው የዋልካ አፈር ላይ ልሙጥ ጎማ ይዞ የገባ ሰው ቢስክሌቱን ተሸክሞ ነው የሚወጣው። እዚያ ጥርሱ ትልቅ፣ በጥርሶቹም መካከል ጭቃውን የሚያራግፍ ሰፊ ክፍተት ያለው ያስፈልጋል። በወለቃ በኩል ወጥቶ ወደ ኮሶዬ፣ ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚሄደው መንገድ ደግሞ አስፋልት ነው፤ ቁልቁለቱም ጉሙም በረዶውም አለበት። ነጭ የበረዶ ጠጠር የሸፈነው አስፋልት ላይ የሚያድን ጎማ አናውቅም፤ ወርዶ መጠለል ነው መድኃኒቱ። ቤቱ በጭቃ፣ ሥራው በኮብልስቶን የሆነ ሰው፣ ጎንደር ውስጥ ይህ ብዙ ሰው ነው፣ መሐሉ ሳይቆራረጥ የተያያዘ፣ ጥርሱ በጎንና በጎኑ ብቻ የሆነ ጎማ ቢመርጥ ሁለቱንም በመጠኑ ያስታርቅለታል።

ሁለቱን ጎማ በአንድ ጊዜ ለመግዛት አቅም የማይፈቅድ ከሆነ አዲሱ ከፊት ይሁን። ብዙ ሰው የኋላው ቶሎ ስለሚያልቅ አዲሱን ከኋላ ይገጥማል። የኋላው ጎማ ቢሸት ብዙ ጊዜ ሰው ይተርፋል፤ የፊቱ ከሸተተ ግን መሪውን ለማስተካከል እንኳ ጊዜ አይሰጥም። የፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ አዲሱን ከፊት መግጠም ነው። አዲስ ጎማ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ በላዩ የሚያሙለጨልጭ ነገር ይኖረዋል፤ በሳሙናና በውኃ ማጠብና የመጀመሪያዎቹን ቀናት በዝግታ መንዳት ያስፈልጋል። ክሩ የታየ ጎማ ግን ለማንም አይሰጥ፤ ለድሃም ቢሆን።

ጎማው ምንም ቢያምር የድሮዎቹ ባለ ብረት ቸርኬ ቢስክሌቶች በዝናብ ፍሬናቸው ከባድ ችግር አለበት። የተለበጠ ብረት ሲረጥብ የፍሬኑ ላስቲክ ያንሸራትተዋልና ለመቆም ከደረቁ ጊዜ ብዙ እጥፍ ርቀት ይወስዳል። ቁልቁለቱ ከመድረሱ በፊት ፍሬኑን ቀስ እያሉ በመንካት ቸርኬውን ማድረቅ ይጠቅማል። ከተቻለ ቸርኬውን በአሉሚኒየም መቀየር ነው። የፍሬኑን ነገር ለብቻው ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እንመለስበታለን።

በነገራችን ላይ በአየር የሚሞላ የቢስክሌት ጎማ ራሱ ከአንድ አባት ጭንቀት የተወለደ ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም በ1888 (እ.ኤ.አ.) ቤልፋስት ከተማ ውስጥ የሠራው፣ የልጁ ባለ ሦስት እግር ቢስክሌት በድንጋይ ንጣፍ ላይ እየዘለለ ስላስቸገረው ነበር። ሮበርት ቶምሰን የተባለ ሰው ተመሳሳይ ሐሳብ ከእሱ ከ40 ዓመት በፊት አስመዝግቦ ነበር፤ ግን በጊዜው የፈለገው አልነበረም። ይህን ለጎረቤታችን ስንነግራቸው «እኛም ዘንድ ያለው ድንጋይ ነው» አሉን።

እሳቸው አሁን ለልጃቸው 26 በ1.95 የሆነ፣ መሐሉ ልሙጥ ጎማ ገጥመውለታል። አየሩን በየጁምዓው ራሳቸው በአውራ ጣታቸው ይፈትሻሉ፤ እኛንም አልፎ አልፎ ያስፈትሹናል። የልጅቱ እጅ አልሐምዱሊላህ ድኗል። ወንድሟ ግን የኮብልስቶኑ ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ወርዶ እየገፋ ነው የሚያሻግራት፤ እሷ አትወርድም፤ ከኮርቻው ላይ ሆና ትዘባነንበታለች። ያ ጥርሰ ትልቁ ጎማስ? ቆላ ድባ ላሉት አጎታቸው ተላከ። በዚያ ጭቃ እንደሱ ያለ ጎማ አይተው እንደማያውቁ እየማሉ ይናገራሉ፤ ማን እንደመረጠውም ጠይቀዋል አሉ።